መጀመሪያ ተከፍቷል ወይ ብለህ ጠይቅ

ባለፈው ቅዳሜ ከቀጨኔ አንዲት ሴት መጣች። በሩን ስከፍትላት፣ "ኤርምያስ የሚባለው ልጅ ቤት እዚህ ነው?" አለችኝ። በእጇ በሶፍት የተጠቀለለ ትንሽ ነገር ይዛለች። ሳትፈታው ምን እንደሆነ አወቅኩ። እኛ ቤት በሶፍት ተጠቅልሎ የሚመጣ ነገር አንድ ነው፤ የስልክ ሜሞሪ ካርድ።

"ኤርምያስ ወንድሜ ነበር" አልኳት። "ሞቷል።"

"የቱ ኤርምያስ?"

"ካርድ የሚያየው።"

"ያ ረጅሙ? መነጽሩን በሸሚዙ የሚጠርገው?"

"አዎ። እሱ።"

ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። አንድ ቀን ብቻ ነው ያየችው፤ የጎረቤቷን ካርድ ይዛ መጥታ። ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ሲወጣላት ሶፍቱን መዳፏ ውስጥ ጨብጣ ደበቀችው። ያፈረች መሰለኝ። "ሳላውቅ ነው የኔ ወንድም፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አለችኝና ተነሣች። ተነሥታ ግን አልሄደችም።

ወደ እሷ ኋላ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ስለ እሱ ልጻፍ። መጻፍ ብዙም አልችልም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ አናጺ ቤት ነው የገባሁት፤ ከዚያ ወዲህ በእርሳስ የምጽፈው እንጨት ላይ ነው። እሱ ቢሆን በሁለት መስመር ይጨርሰው ነበር።

ኤርምያስ ታላቄ ነው። ነበር። ቤታችን ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ ሲወጡ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮብልስቶኑ ከሚጀምርበት ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። አባታችን ከሞተ ወዲህ ሦስት ነን፤ እናታችን፣ እሱና እኔ። እሱ ኮሌጅ ኮምፒውተር ተምሮ አንድ ቢሮ ውስጥ ተቀጥሮ ነበር። ሰፈሩ የሚያውቀው ግን በቢሮው አይደለም። በካርድ ነው።

እኛ ሰፈር ሰው ሲሞት፣ ድንኳን ከመተከሉ በፊት የሚጠየቀው "ፎቶ አለ?" ነው። ፎቶው ትልቅ ተደርጎ ይታተማል፣ ድንኳኑ ውስጥ ይቀመጣል፣ ኋላም መቃብሩ ላይ ይለጠፋል። ፎቶው ያለው ስልክ ውስጥ ነው። ስልኩ ደግሞ ወይ ሟቹ ሲወድቅ አብሮ ወድቋል፣ ወይ ካርዱ ተበላሽቶ "ፎርማት ላድርገው?" ብሎ ሲጠይቅ ግራ የገባው ሰው "አዎ" ብሎ ሁሉንም አስጠፍቶታል። ያኔ ነው ወደ እኛ ቤት የሚመጡት። ዓይናቸው ቀልቶ ነው የሚመጡት። ኤርምያስ በር ላይ አቁሞ አያናግራቸውም። ያስገባቸዋል፣ ወንበር ይሰጣቸዋል፣ ከዚያ ሁልጊዜ ያንኑ ይጠይቃል።

"ከተበላሸ በኋላ ሌላ ፎቶ አንስታችሁበታል?"

አላነሣንም ካሉ ፊቱ ይፈታል። አንስተናል ካሉ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ መጥረግ ይጀምራል። አዲሱ በአሮጌው ቦታ ላይ እንደሚጻፍ ስለሚያውቅ ነው። ያን ካየሁ እኔም የሚመጣውን አውቃለሁ።

ካርዶቹን የሚያነብበትን ፕሮግራም ራሱ ነው የጻፈው፣ ሲ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ። ስለ ሲ ሲያወራ ስለ አንድ ክፉ ግን ሐቀኛ አለቃ የሚያወራ ነው የሚመስለው።

"ሌሎቹ ቋንቋዎች እጅህን ይዘው ያሻግሩሃል" ይለኛል። "ሲ መንገዱን ያሳይህና ዝም ይላል። ገደል ብትገባም ዝም ነው።"

"ታዲያ ለምን ትወደዋለህ?"

"ስለማያባብለኝ።"

ፋይል እንደ ሰው ቤት ነው ይል ነበር። መጀመሪያ ታንኳኳለህ። ለምን እንደመጣህ ትናገራለህ፤ ላነብ ነው፣ ልጽፍ ነው፣ ወይስ ባለው ላይ ልጨምር ነው ትላለህ። ከዚያ ትጠይቃለህ፤ ተከፍቶልኛል ወይ? ላይከፈት ይችላል። ፋይሉ ላይኖር ይችላል፣ ተቆልፎ ይሆናል፣ ዲስኩ ታሟል። ብዙ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ዘው ብሎ ይገባል፤ ከዚያ ፕሮግራሙ ይወድቃል። እሱ ግን አንድም ቀን ሳይጠይቅ አልገባም። "መጀመሪያ ተከፍቷል ወይ ብለህ ጠይቅ" ይላል፤ ይህንንም የሚለው ለፋይል ብቻ አልነበረም። ማታ እናቴ ከሥራ ደክማ ስትገባ እኔ የራሴን ነገር ልጠይቃት ስነሣ በክርኑ ይጎሽመኛል። ፊቷን አይቶ፣ "ዛሬ አልተከፈተችም፤ ነገ" ይለኛል በሹክሹክታ።

"ምን ትንሾካሾካላችሁ እናንተ?" ትላለች እናቴ።

"ስለ ፋይል ነው እማ።"

"ፋይላችሁ ይጥፋ፤ እራት አቅርቡ።"

ካርድ ማዳን የጀመረው እንዲሁ አይደለም። የራሱ ጠፍቶበት ነው። ገና ኮሌጅ እያለ የጻፈው አንድ ፕሮግራም ነበረው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የነበሩ ፎቶዎቹን ሁሉ በእሱ ሰብስቦ አንድ ትልቅ ፋይል ውስጥ አሽጎ ነበር። አንድ ቀን ያን ፋይል ለማንበብ ሊከፍት ብሎ በአንዲት ፊደል ተሳሳተና ለመጻፍ ከፈተው። እንዴት እንዳስረዳኝ አልረሳውም። ለመጻፍ ብለህ ስትከፍት ገና አንድ ፊደል ሳትጽፍበት የነበረው ባዶ ይሆናል። መክፈቱ ራሱ ያጠፋዋል። የሚጠይቅህም የሚያስጠነቅቅህም የለም።

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ወጥቶ አጥሩ ጋ ፊቱን ወደ ቆርቆሮው አዙሮ ቆመ። መልሶ ማውጣት ያኔ አያውቅም ነበር። በዚያው ዲስክ ላይ ሲሠራ ሰነበተ፤ አዲሱ አሮጌውን ሸፈነው። ሲማርና ሲገባው ጊዜው አልፏል። ልጅ ሆኖ፣ ከአባታችን ጋር፣ በምርቃቱ ቀን፣ ሁሉም ሄደ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ወሰነ። አንደኛው፣ የሰው ካርድ ላይ ከማንበብ በቀር ምንም አይሠራም፤ ያገኘውን የሚያስቀምጠው ሌላ ቦታ ነው። ሁለተኛው፣ ፕሮግራሙን በለወጠ ቁጥር የሚሞክረው በራሱ ስልክ ካርድ ላይ ነው።

"የራስህስ ቢበላሽ?" አልኩት።

"የኔ ነዋ።"

ለዚህ ነው የራሱን ካርድ ከስልኩ ነቅሎ ሞክሮ ሲጨርስ የጂንሱ ትንሿ ኪስ ውስጥ የሚከታት። ይህችን ኪስ ልብ በሉልኝ።

አንድ ሌላ ነገር ነበረው። መብራት። እኛ ሰፈር መብራት እንዴት እንደሚሄድ የሰፈሩ ሰው ያውቃል። ኤርምያስ ይህንን ከፋይል ጋር አያይዞ ነው የሚያየው። ፕሮግራም አንድ ነገር ጻፍኩ ሲልህ ወዲያው ዲስኩ ላይ አይወርድም፤ ሲጠራቀም አወርደዋለሁ ብሎ እጁ ላይ ይዞት ይቆያል። በመሃል መብራት ከሄደ በእጁ የያዘው አብሮ ይሄዳል። አንተ የተጻፈ ይመስልሃል፤ ግን የለም። ስለዚህ "አውርደው" ይላል። የከፈትከውን ዝጋ፣ የጻፍከውን አውርድ። ጠዋት ከቤት ሲወጣ እናቴን ጉንጯን ሳይስም አይወጣም ነበር። እሷ እጇ ሊጥ ነው፣ ሳሙና ነው፣ "ሂድ አትነካካኝ፣ ይረፍድብሃል" ትለዋለች። "ላውርደው እማ" ብሎ ይስማታል። በሞተበት ቀን ጠዋትም ስሟት ነው የወጣው። ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ እነግረዋለሁ።

ጋሽ ሙደሲርን ልጨምር። ሱቁ ከቤታችን ፊት ለፊት ነው፤ ስኳርና ሳሙና የምንገዛው ከእሱ ነው። ባለቤቱ እትዬ ዘይነባ ሞታ ነበር፤ በሕይወት ሳለች በስልክ የላከችለት የድምፅ መልእክቶች ስልኩ ካርድ ላይ ነበሩ። ካርዱ ተበላሸ። ሱቁን ዘግቶ መጣ። ሱቁን ቀን ሲዘጋ ያየሁት ያኔ ነው።

"ፎቶ አልፈልግም" አለ። "ድምጿን ብቻ። ዘይት አምጣ፣ ስኳር አልቋል፣ ምንም ይሁን።"

ኤርምያስ አንድ ምሽት ሙሉ ካርዱን ሲመረምር ቆየ። ከብዙ መልእክት አንድ አገኘ፤ እሱም መሃል ላይ ይቆረጣል። እትዬ ዘይነባ "ሙደሲር፣ ስትመጣ ያንን…" ትላለች፤ ከዚያ ጭጭ።

እኔ ተናደድኩ። "ቆርጠህ አሳምረው። ሙሉ እንዲመስል አድርግ። 'ሙደሲር' ያለችውን ብቻ ስጠው።"

"አይሆንም።"

"ሰውዬው ይሰበራል እኮ።"

"ቢኒ፣ ፋይል ስታነብ የጠየቅከውን ያህል ላይሰጥህ ይችላል። የሰጠህን ነው የምትቆጥረው። ያልሰጠህን ሰጠኝ ካልክ ከዚያ በኋላ የምትሠራው ሁሉ ውሸት ነው።"

ጋሽ ሙደሲር በማግስቱ መጥቶ ሰማው። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ቆየ። "የቀረውስ?" አለ።

"የቀረው የለም ጋሽ ሙደሲር። ፈልጌ ነው።"

"ምን ልትለኝ ነበር?"

"አላውቅም።"

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። "ወላሂ አላውቅም በማለትህ ነው ያመንኩህ" አለው። አሁንም ሱቁ ውስጥ ሰው ሳይኖር ያን መልእክት ሲያዳምጥ ይሰማኛል። ሁልጊዜ እዚያው ጋ ይቆማል።

አሁን ስለ መልእክቶቹ። የኮምፒውተሩን ማለቴ ነው። ፕሮግራሙ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ነበር የሚናገረው። አንድ ቀን ኤርምያስ ካርድ አስነብቦ ከኔ ጋር ሱቅ ወጣ ሲል ጥቁሩ መስኮት ላይ ቀይ ጽሑፍ መጣ። እናቴ ብቻዋን ነበረች። እሷ ገመዱን ነክታ የሰው ፎቶ ያጠፋች መሰላት። ስንመለስ ከኮምፒውተሩ ራቅ ብላ፣ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከታ ቆማ አገኘናት።

"አልነካሁትም" አለች። "ማለቴ… አቧራውን ብቻ ነው የጠረግኩት። የሰው ሬሳ ገደልኩ መሰለኝ።"

ሳቅን። እሷ ግን አልሳቀችም። ኤርምያስ ይህንን አይቶ መሳቁን አቆመ። በዚያው ሳምንት መልእክቶቹን ሁሉ ወደ አማርኛ ለወጠ። ቀላል አልነበረም፤ ፊደሎቹ መጀመሪያ ባዶ ሳጥን ባዶ ሳጥን ሆነው ነበር የሚወጡት። ሲሳካለት ጠራኝና "እያነበብኩ ነው። እባክዎ ይጠብቁ" የሚለውን አሳየኝ።

"ኮምፒውተር ሰውን እርስዎ ይላል እንዴ?" አልኩት።

"እዚህ የሚቀመጠው ሰው እኮ ሰው የሞተበት ነው። አንተ ሊለው ነው?"

"እኔንስ?"

"አንተንም እርስዎ ይልሃል። ደስ ይበልህ።"

ከዚያ ወዲህ ሳልፍ "አቶ ቢኒያም፣ እባክዎ ይጠብቁ" እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ለእያንዳንዱ ብልሽት የተለየ መልእክት ጻፈ። ካርዱ ካልታየ አንድ፣ ገመዱ ከላላ ሌላ፣ ቦታ ከሞላ ሌላ። አብዛኞቹን አይቻቸዋለሁ። ሁሉንም ግን አላየሁም፤ ብልሽቱ ካልደረሰ መልእክቱ አይወጣም።

የሞተው በክረምቱ መግቢያ ነው። ከእንጦጦ በኩል ይወርድ የነበረ ሚኒባስ ፍሬን እምቢ ብሎት ነው። ከዚህ በላይ ስለዚያ አልጽፍም።

ለቀብሩ ፎቶ ስንፈልግ አጣን። የሰፈሩን ሙታን ፎቶ ሁሉ ያወጣ ልጅ የራሱ አልነበረውም። የድሮዎቹን ራሱ አጥፍቷቸዋል። ስልኩ ተሰባብሯል። ከትምህርት ቤት መታወቂያው ላይ ያለችውን አስፍተን ድንኳኑ ውስጥ አቆምናት። ገና ጢም ያላበቀለ፣ ኮስታራ፣ ፎቶ አንሺው ተቆጥቶት ያለቀሰ የሚመስል ልጅ ነው። እናቴ አንድ ጊዜ አየችውና ፊቷን አዞረች። "ይሄ የኔ ልጅ አይደለም" አለች። ሴቶቹ ሐዘን ነው ብለው አለፉት። እኔ ግን ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል።

እሷ የምትፈልገው አንድ ፎቶ ነበር። ከመሞቱ ከጥቂት ሳምንት በፊት የቸርች ወጣቶች ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ለሽርሽር ሄደው ነበር። አንዱ ጓደኛው የኤርምያስን ስልክ ተቀብሎ አነሣው። ዝናብ መትቶት ጸጉሩ ግንባሩ ላይ ተለጥፏል፤ መነጽሩን በእጁ ይዞ አፉን ከፍቶ ይስቃል። ማታ ለእናቴ አሳያት። እሷም ሳቀች። "ይቺን አሳትምልኝ" አለችው፤ "እሺ" አላት። ለቅሶ የመጡትን ጓደኞቹን ሁሉ ጠየቅኩ፤ ለማንም አልላከውም። ያለው በካርዱ ላይ ብቻ ነው። ካርዱ ደግሞ ከተሰባበረው ስልክ ውስጥ አልተገኘም።

ሆስፒታሉ ልብሱን በፌስታል አድርጎ ሰጠን። ጎረቤቶች እንጠብልሽ ብለው ለመኗት። "የልጄ ደም በሰው እጅ አያልፍም" አለች። ሳፋ አውጥታ ራሷ አጠበችው። ውሃውን ደጋግማ ቀየረች። ሲደርቅ ደግሞ ካውያ ሰክታ ተኮሰችው፤ ሁልጊዜ ጂንሱን ትተኩስለት ስለነበር። ማን እንደሚለብሰው አልጠየቅኳትም። በሩ ላይ ቆሜ አየኋት። ካውያውን ኪሱ አካባቢ ጫን ብላ ስትይዝ ቀጭ የሚል ነገር ተሰማ። እጇ ቆመ። ጣቷን ትንሿ ኪስ ውስጥ ከታ አወጣችው።

ካርዱ ነበር። ጫፉ ተጣሟል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አስጠላት። ፓስተሩ መጥተው ጸለዩላት፣ አሜን አለች፣ ሲሄዱ ግን ያንኑ ደገመች። "በእጄ አቃጠልኩት። ፊቱን በእጄ አቃጠልኩት።" እኔ "እማ፣ ካርዱ ምናልባት አልሞተም" እላታለሁ። "አንተ ምን ታውቃለህ?" ትለኛለች። እውነቷን ነው። እኔ የማውቀው ፕሮግራሙን መክፈትና የሚለኝን ማድረግ ብቻ ነው።

በዚህ መሃል የመቃብሩን ድንጋይ የሚሠራው ሰውዬ ደወለ። ከላይ ለፎቶው የእንቁላል ቅርጽ ያለው ጎድጓዳ ይቆፍራል፤ ፎቶው ይምጣ ወይስ ይተወው? እናቴ ስልኩን ተቀብላ "ትንሽ ጠብቀኝ" አለችው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

"ስካው" አለችኝ። "ይቁረጥልኝ።"

ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርዳል። የተጣመመውን ጫፍ ቀስ ብዬ አቃንቼ አስገባሁት። ኮምፒውተሩ ገና ሲነካው "ፎርማት ላድርገው?" አለኝ። እናቴ ባታየኝ ኖሮ ስክሪኑን እሰድበው ነበር። አይሆንም አልኩት። የኤርምያስን ፕሮግራም ከፈትኩ። እናቴ ከኋላዬ ወንበሩን ይዛ ቆማለች፤ ወንበሩ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል።

ጥቁሩ መስኮት ላይ የማውቀው መልእክት መጣ። "ካርዱን መክፈት አልቻልኩም። እባክዎ ይንቀሉትና እንደገና ይሰኩት።"

ነቀልኩ፣ ሰካሁ።

"ተከፍቷል። እያነበብኩ ነው። እባክዎ ይጠብቁ።"

"ተከፍቷል አለ?" አለች እናቴ።

"ተከፍቷል አለ።"

ጠበቅን። እናቴ በሹክሹክታ "ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ" ትላለች። ዝናቡ በረታ። መብራት እንዳይሄድ ፈራሁ። ከዚያ አይቼው የማላውቀው መልእክት ወጣ። ማንም አይቶት አያውቅም መሰለኝ፤ እንዲህ ሙሉ በሙሉ የሞተ ካርድ እኛ ቤት መጥቶ አያውቅም።

ለራሴ አነበብኩት። እንደገና አነበብኩት።

"ምን ይላል?" አለች። መነጽሯን አላደረገችም።

"አልሆነም እማ።"

"ምን ይላል ነው ያልኩህ። የጻፈውን አንብብልኝ።"

አነበብኩላት።

"ከዚህ ካርድ ምንም ማንበብ አልቻልኩም። አዝናለሁ። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። እባክዎ ምንም አይጻፉበት፤ ደረቅ ቦታ ያስቀምጡትና ለኤርምያስ ይንገሩት።"

ወንበሩ መንቀጥቀጡን አቆመ። ዞር ብዬ ላያት አልደፈርኩም።

"ድገመው" አለች።

ደገምኩት። "ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም" ከሚለው ላይ ስደርስ አስቆመችኝ።

"እሱ ነው የጻፈው? በራሱ እጅ?"

"በራሱ እጅ ነው እማ።"

"መቼ?"

"አንቺ በዚያ ቀን የፈራሽ ጊዜ። አቧራ ጠርገሽ።"

ያኔ ነው ያለቀሰችው። ከቀብሩ ወዲህ አልቅሳ አታውቅም ነበር፤ "አቃጠልኩት" ማለት ብቻ ነበር። ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጮኻ አለቀሰች። ጋሽ ሙደሲር ድምፅ ሰምቶ ከሱቁ ሮጦ መጣ፤ በሩ ላይ ሲደርስ አየንና ጫማውን አውልቆ ገብቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ሲመሽ ግማሽ ዳቦ በላች። ካርዱን ከእጄ ተቀብላ የመነጽር ማስቀመጫዋ ውስጥ አስገባችው። "ደረቅ ቦታ ብሏል" አለች።

በማግስቱ ድንጋይ ለሚሠራው ሰውዬ ራሷ ደወለች። "ጎድጓዳውን ቆፍርለት" አለችው።

"ፎቶው ተገኘ እትዬ?"

"አልተገኘም። ቦታው ይኑር።"

መታወቂያው ላይ ያለውን እናድርግበት ብላት እምቢ አለች። ያልሰጠንን ሰጠን አንልም ማለቷ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ አልጠየቅኳትም። አሁን መቃብሩ ስሙን ይዞ ቆሟል፤ ከስሙ በላይ ያለው ጎድጓዳ ባዶ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ውሃ ያቁራል። እሑድ ከቸርች ስንወጣ ትሄድና በነጠላዋ ጫፍ ታደርቀዋለች።

ወደ ሴትየዋ ልመለስ። ደጃፉ ላይ ቆማ ሶፍቱን ጨብጣ አልሄድ ስትል እናቴ ከውስጥ ሰማች።

"ማነው ቢኒ?"

"ካርድ ይዛ ነው እማ። አልሰማችም ነበር።"

የምትመጣ አልመሰለኝም። ከዚያ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች።

"የማን ነው?" አለቻት።

"የእህቴ" አለች ሴትየዋ። "ዛሬ ጠዋት ነው… ነገ ነው የምንቀብራት። ፎቶ አልተገኘላትም።"

እናቴ ሴትየዋን ክንዷን ይዛ አስገባቻት። ወንበሩን ራሷ ሳበችላት። እኔ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ያን የመጨረሻ መልእክት አስታወስኩ። እዚህ ሰው ፊት ቢወጣስ? "ለኤርምያስ ይንገሩት" ቢላትስ? ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ፋይል ከፍቶ ያቺን አንዲት መስመር ማጥፋት ይቻላል። አንድ የኤርምያስ ጓደኛ ላጥፋላችሁ ብሎኝ ነበር። እናቴ ከማንበብ በቀር ማንም አይንካው አለች።

"ከተበላሸ በኋላ ሌላ ፎቶ አንስታችሁበታል?" አልኳት ሴትየዋን። ድምፄ የእሱን መሰለኝ፤ ደነገጥኩ።

"ኧረ አላነሣንም።"

ካርዱን ከሶፍቱ አወጣሁና ሰካሁት። ጥቁሩ መስኮት ተከፈተ።

ሴትየዋ ወደ ስክሪኑ አጎንብሳ በቀስታ አነበበች። "ተከፍቷል። እያነበብኩ ነው… እባክዎ ይጠብቁ።" ቀና አለችና እናቴን አየቻት። "ምን ላድርግ እናቴ?"

እናቴ ሌላ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

"ጠብቂ ብሎሻል እኮ" አለቻት። "እንጠብቅ።"